ሚዲያ መመርመር ስናስተምር የማይለቁን ስህተቶች

ከሁሉ የሚብሰው ተማሪው ፖስቱ ላይ አፍጥጦ እንዲፈርድ ማድረግ ነው። መምህሩ በቴሌግራም የዞረ “አስቸኳይ ደብዳቤ” ያሳይና “ማህተሙን እዩ፣ የፊደል ግድፈት ፈልጉ” ይላል። ማህተም እኮ ከሌላ ደብዳቤ ላይ ተቆርጦ በስልክ ይለጠፋል! የፊደል ግድፈትም በእውነተኛው ደብዳቤ ላይ ሞልቷል። የስታንፎርዶቹ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሪው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ዶክትሬት ያላቸው የታሪክ ምሁራን ሳይቀሩ በአርማና በድረ ገጽ ስም ተታለዋል። በጥናቱ የተካተቱት ባለሙያ መረጃ አጣሪዎች ግን ገጹን ቶሎ ትተው ስለ ባለቤቱ ሌላው ምን እንደሚል ፈለጉ። መማር ያለበት ይህ ከገጹ መውጣት ነው።

ደብዳቤ ከሆነ፣ ወጣበት የተባለውን ተቋም ድረ ገጽ ከፍቶ፣ እዚያ ባለው ሊንክ ወደ ቴሌግራም ቻናሉ መግባት። በቴሌግራም መፈለጊያ ስሙን ጽፎ መግባት አያዋጣም፤ አስመሳዩ ያንኑ ስምና አርማ ይዞ፣ ከስሙ ጎን የ“ራይት” ኢሞጂ ለጥፎ ይጠብቃል። ፎቶ ከሆነ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቆርጦ አስወግዶ ፎቶውን ብቻ በጎግል ሌንስ (በምስል መፈለጊያ) መፈለግ፤ ቀጥሎ በሌላው የምስል መፈለጊያ በቲንአይ (TinEye) ውጤቱን ከቆየው ጀምሮ መደርደር። ምንም አልተገኘም ማለት ግን ፎቶው አዲስ ነው ማለት አይደለም።

“ምንም አትመኑ” ብሎ ማስተማር ሌላው ስህተት ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ ሲባል ወሬው እውነት ነበር፤ ፈተናው ተሰረዘ። ለልምምድ ስድስት ፖስት ከመረጡ ሦስቱ እውነት ይሁኑ። አለዚያ ልጆቹ ሳያጣሩ “ውሸት!” ማለትን ብቻ ይለምዳሉ።

የዘመን አቆጣጠሩን መርሳት፦ “2012” የሚል ጽሑፍ በማን አቆጣጠር ነው? የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት የከረመን ዜና ትኩስ ያስመስላል።

በመጀመሪያው ቀን የብሔር ፖለቲካ ይዞ መግባት። ተማሪው መመርመሩን ትቶ ወገኑን ይከላከላል። “ገንዘብዎን በሳምንት እጥፍ እናደርጋለን” በሚል ማስታወቂያ ይጀምሩ፤ ማን ከፈለበት፣ ማን ይጠቀማል ይባል። ፖለቲካው ይቆይ እንጂ አይቅር፤ ጭራሽ የሚሸሹትም አሉ።

እውነትና ውሸት መለየት ላይ ብቻ መቆም። አንዲት ሐሰት የሌለበት ዜናም ያሳስታል። የአንድ ቀን አንድ ክስተት ፋና እና ቢቢሲ አማርኛ እንዴት እንደዘገቡት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የማን ድምፅ መጀመሪያ መጣ፣ የማን ጨርሶ ቀረ ብሎ ማስጠየቅ ነው።

“ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የለውም” ሰበብ አይሆንም። ፍለጋውን ቤት ሠርተው የውጤት ገጾቹን ስክሪንሾት ያትሙ፤ ተማሪዎች የትኛውን ሊንክ መጀመሪያ እንደሚከፍቱና ለምን እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ይጻፉ።