ደረሰኝ አለ፣ ወጪው ግን ወደቀ፦ በካሽ የተከፈለ ወጪ ኦዲት ላይ ሲጣል

ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) የሌለበት፣ የገዢ ስም ያልተጻፈበት ወይም ቀኑ የተሰረዘ ደረሰኝ ይዛችሁ «ለምን ወደቀብን?» የምትሉ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም። እዚህ የማወራው ዕቃው በእርግጥ ተገዝቶ፣ ደረሰኙም ደህና ሆኖ ሳለ በግብር ኦዲት ግኝት ላይ «ተቀናሽ አይሆንም»፣ ማለትም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ አይቀነስም፣ ተብሎ ስለሚመለስ ወጪ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የነጋዴ ሒሳብ ስሠራ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚመላለስብኝ ይኸው ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆናችሁ የ1,000,000 ብር ወጪ ወደቀ ማለት 30 በመቶው፣ ማለትም 300,000 ብር፣ ግብር ሆኖ መጣ ማለት ነው። ቅጣትና ወለዱ ገና አልተቆጠረም።

ምልክት፦ ደረሰኙ ሙሉ ነው፣ ክፍያው ግን ከ50,000 ብር በላይ በካሽ ነው

መንስኤው አጭር ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ከ50,000 ብር በላይ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ወጪ እንዳይቀነስ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ በካሽ የከፈላችሁትን ማዳን አይቻልም፤ የሚቀጥለውን ከድርጅቱ ሒሳብ በዝውውር ወይም በቼክ ክፈሉ።

አሁን ደግሞ በድሬ ገበያዎች፣ ታይዋንም አሸዋም፣ ደረሰኙን «ከፋፍለህ ቁረጥልኝ» ማለት ብልጠት ሆኗል። የ180,000 ብር ዕቃ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሻጭ፣ ቁጥራቸው ተከታታይ በሆነ አራት የ45,000 ብር ደረሰኞች! ኦዲተሩ መዝገቡን በሻጭና በቀን ሲደረድረው ፊቱ ላይ ይወጣል። አንዱ ከተያዘ የቀሩት ወጪዎቻችሁም በጥርጣሬ ይታያሉ። አታድርጉት።

ባንክ ሄዶ ካሹን በቀጥታ በሻጩ ሒሳብ ማስገባትም እንዲሁ ነው። በእናንተ ስቴትመንት ላይ ምንም አይታይም፤ በእጃችሁ የሚቀረው ትንሽ የገቢ ወረቀት ብቻ ነው። መጀመሪያ በራሳችሁ ሒሳብ አስገቡ፣ ከዚያ አስተላልፉ። መስኮቱ ላይ ሌላ ደቂቃ መቆም ማንንም አልገደለም።

ምልክት፦ የትራንስፖርት ወጪ በጅምላ ወድቋል

ይሄኛው የሁሉም አባት ነው። ግኝቱ ላይ «የተከፋዩ ማንነት አልተረጋገጠም» የሚል ይጻፍበታል። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሳልከፍተው አውቀዋለሁ፦ «ለሹፌር ተሰጠ» የሚል የወጪ ማዘዣ፣ የማይነበብ ፊርማ፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጫረ ስልክ ቁጥር።

ጥፋቱ የካሹ ብቻ አይደለም። የጭነት ሥራ ላይ የሚዋዋለው ደላላው፣ መኪናው የሌላ ሰው፣ ደረሰኝ የሚቆርጠው የትራንስፖርት ማኅበሩ፣ ብሩን የሚቀበለው ሹፌሩ ነው። ለአንድ ክፍያ አራት ሰው። ገንዘቡ በእጅ ሲሰጥ እነዚህን አራቱን የሚያገናኝ ነገር አይኖርም።

አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ከጅቡቲ ብረት ያስጭናል። ሹፌሩ ሌሊት ከድንበሯ ከደወሌ ደውሎ «ብር ካልተላከልኝ አልንቀሳቀስም» ይላል። ነጋዴው ከግል ሒሳቡ፣ በገዛ ስልኩ፣ በተነገረው ቁጥር ይልካል፤ ቁጥሩ የሹፌሩ የሚስት ወንድም ነው። ቀሪውን ብረቱ ሲራገፍ በካሽ ይቆጥራል። ከሳምንታት በኋላ በማኅበሩ ስም የሙሉ ገንዘቡ ደረሰኝ ይመጣል። ወረቀቱ ሕጋዊ ነው፣ ብረቱም ተሸጧል። ነገር ግን ደረሰኙ ላይ ስሙ ያለው ድርጅት አንዲት ብር ስለመቀበሉ ማስረጃ የለም። ሰውየው ኦዲተሩን «አቦ፣ ብረቱ በእግሩ መጣ እንዴ?» አለው። ጥሩ ክርክር ነው፤ ወጪው ግን ወደቀ።

ሌላው ደግሞ ሁሉንም በባንክ ከፍሎ በሰሌዳ ተያዘ። ደረሰኙ ላይ ያለው ሰሌዳና የጉምሩክ ሰነዱ ላይ ያለው ሰሌዳ አይገናኙም። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ጭነቱ ወደ ሌላ ተዛውሮ ነበር፤ ይህን ግን ማንም በወረቀት አልያዘውም።

መፍትሔው ከመጫኑ በፊት ነው። ውሉን ደረሰኝ ከሚቆርጠው ጋር ተፈራረሙ፤ ሒሳብ ቁጥሩን በውሉ ላይ አስጽፉ። የሹፌር የመንገድ ገንዘብ የግድ ከሆነ ማኅበሩ «ለዚህ ሹፌር ይህን ያህል ይሰጥልን» ብሎ በማኅተም ይጻፍ። ከክፍያው ላይ ግብሩን (ዊዝሆልዲንግ የሚባለውን) ቀንሳችሁ አስቀሩ፤ ተከፋዩ ቲን ካልሰጣችሁ የሚቀረው 30 በመቶ ነው፣ ሳትቀንሱ ብትቀሩ ደግሞ ዕዳው ወደ እናንተ ይዞራል። በደረሰኙ፣ በባንክ ማስተላለፊያውና በዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። «ያው ድርጅት ነው» የሚባል ነገር የለም። ሰነዱን በጉዞ እንጂ በወር አትፋይሉት፦ ውል፣ የመጫኛ ወረቀት፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ ክፍያ፣ ደረሰኝ በአንድ ስቴፕል።

ላለፈው ዓመትስ? ማኅበሩ ገንዘቡን መቀበሉንና በገቢው ላይ መያዙን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከሊብሬ ቅጂ ጋር፣ አንዳንዴ ያድናል። ከአዋጁ ወዲህ ከ50,000 ብር በላይ በካሽ የተከፈለውን ግን አያድንም።

ምልክት፦ ደረሰኙ ባዶ ወረቀት ሆኗል

የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚሠራ ነው፣ በሙቀትም ይጠፋል። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሎከር አናት ላይ የተቀመጠ ክላሰር በዓመቱ ሲከፈት ነጭ ነው። መፍትሔው በዕለቱ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ዋናውን ከኮፒው ጋር ማሰር ነው። ላሚኔት አታድርጉ! አንዲት ሆቴል የዓመቱን ደረሰኝ «እንዳይበላሽ» ብላ ላሚኔት አስደርጋ ጥቁር ፕላስቲክ ይዛ መጣች። ማሽኑ ራሱ ሙቀት መሆኑን ማንም አልነገራት። ርካሹን ሮል የሚገዙ ሱቆች ደግሞ አሉ፤ ጽሑፉ ገና ከበር ሳትወጡ ይደበዝዛል። ደግማችሁ አስቆርጡ፣ አትፈሩ።

ምልክት፦ የቀፊራ ገበያ ግዢ በሙሉ ተጣለ

አትክልትና ሥጋ ከገበሬ የሚገዙ ምግብ ቤቶች በነጭ ወረቀት ያስፈርማሉ። የሚያስፈልገው ሲፈቀድላችሁ ያሳተማችሁት የግዢ ማረጋገጫ ደረሰኝ ነው፣ ከሻጩ ስም፣ አድራሻ፣ መታወቂያ ቁጥርና ፊርማ ጋር። ደረሰኝ መቁረጥ ካለበት ባለሱቅ ገዝታችሁ በዚህ መሸፈን ግን ሌላ ጣጣ ነው።

የቀሩት ቶሎ ያልቃሉ። የቀን ሠራተኛ ክፍያ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ፊርማ ከተሞላ ይወድቃል፤ የመታወቂያ ኮፒ አያይዙ። ካዝናችሁ 8,000 ብር ባለበት ቀን 30,000 ብር ከካዝና ወጣ ብላችሁ ከመዘገባችሁ ኦዲተሩ ያልተመዘገበ ሽያጭ መፈለግ ይጀምራል። ደረሰኝ ከገበያ መግዛት? ወንጀል ነው፣ ፋይላችሁን አልነካም።

ውሳኔው ከደረሳችሁ

ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ሳምንት በማኩረፍና ዘመድ በመፈለግ ይጨርሰዋል። የተቀበላችሁበትን ቀን በማስታወቂያው ላይ ጻፉ። «ወጪው ሁሉ ትክክል ነው» የሚል አንድ ገጽ አታስገቡ፤ የወደቀውን እያንዳንዱን መስመር ከነቁጥሩ ጥቀሱና ማስረጃውን በዚያው ቁጥር አያይዙ። የማይድነውን ተዉት፣ ከሚድነው ጋር አትቀላቅሉት። ስታስገቡ ሁለት ኮፒ ያዙ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን ሳታስመቱ ከመስኮቱ አትነሱ።