የዕድራችን አዳራሽ ግድግዳ እንዴት ደረቀ

ደሴ ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጉም ይለብሳል፣ የእኛ ዕድር አዳራሽ ግድግዳ ደግሞ ማላብ ይጀምራል። በአባቶቻችን ጊዜ የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው ብለን ሁለት ጊዜ ቆርቆሮ ቀየርን። ወይ ፍንክች!

በኋላ አንድ አዛውንት ግንበኛ ልስኑን በጣታቸው አንኳኩና «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ታፍኗል» አሉኝ። ለካ ከዓመታት በፊት «እናሳምረው» ተብሎ ጭቃው በሲሚንቶ ተለስኖ ኖሯል። ጭቃ እርጥበት ስቦ መልሶ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶው ግን መውጫውን ይዘጋበትና ውሃው እዚያው ተቀምጦ ማገሩን ያበሰብሰዋል። ስንፈነቅለው ከጀርባው ያለው ጭቃ እንደ ገንፎ እጅ ላይ ይቀራል፣ ማገሩ በጥፍር ይፈረፈራል።

ሲሚንቶውን ሙልጭ አድርገን አነሳን። የበሰበሰውን ማገር ቀየርን። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተን ሳምንት ያህል እንዲብላላ ተውነው (ሽታውን አታንሱት)፣ ከዚያ በስሱ ሁለት ጊዜ መረግን። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትድገሙ፣ ይሰነጠቃል። ላዩን ኖራ ቀባነው። የጣሪያው ውሃም ግድግዳው ሥር ይንጠባጠብ ስለነበር አሸንዳ አስገባን፣ ቦይ ቆፈርን፤ በእኔ ግምት ዋናው ይሄ ነው።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ተሰበሰብንበት፣ ልጆችም ከሰዓት እያጠኑበት ነው። በሩ ብቻ አሁንም ሲከፈት ይጮሃል።