ለአንድ ቀን የሚገዛ ልብስ እና ሌሎች ስህተቶቻችን

ሰሞኑን ቁም ሳጥኔን ሳስተካክል ሦስት የሰርግ ቀሚሶች አገኘሁ። ሦስቱም ከጓደኞቼ ጋር አንድ ዓይነት ያሰፋናቸው ናቸው። እያንዳንዳቸውን የለበስኩት ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ያቺ የጥምቀት ቀሚስ ግን ታጥባ ተቀምጣ ለከርሞም ትወጣ ነበር። አንድ የጥጥ ቲሸርት ብቻ ለመሥራት 2,700 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትቀዱበት 135 ጀሪካን ነው። ባህር ዳር ላይ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር በደንብ ይረዳዋል። ለሚቀጥለው ሰርግ ቀለም ብቻ ተስማሙ፤ ሁሉም ቤቱ ያለውን ይልበስ።

ሁለተኛው፣ ጨርቁ ምን እንደሆነ ሳያውቁ መግዛት ነው። «የሀበሻ ቀሚስ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሸማኔ የሠራው አይደለም። ጥለቱ የታተመበት ፖሊስተርም አለ። ፖሊስተር ደግሞ ከነዳጅ የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። የገዛችሁትን ለመለየት ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ ውሃ ካለበት ሳፋ በላይ ክብሪት ለኩሱበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ግን ይኮማተርና ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ድሩን፣ ማጉንና ጥለቱን ለየብቻ ሞክሩ። ነጩ ጥጥ ሆኖ ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ሊሆን ይችላል።

ርካሽ ስለሆነ ብቻ መግዛትም አለ። ስንት ጊዜ እንደምትለብሱት ቀድማችሁ አስቡ።

ከዚያ አጠባቡ። ፖሊስተር በታጠበ ቁጥር በዓይን የማይታይ የፕላስቲክ ብናኝ ይለቃል። ጣና ሐይቅ ዳር ወይም አባይ ላይ ካጠብነው ብናኙ በቀጥታ ዓሣው ዘንድ ይደርሳል። ተክል የሚያሳድግ ፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ሳሙናም በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን አረም፣ እምቦጩን፣ ይመግባል። ጣናን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ እኛም እንደዚያው እንያዘው። ቤት በሳፋ እጠቡ፣ እጣቢውን ከሐይቁና ከወንዙ ራቅ አድርጋችሁ ድፉ። ያልቆሸሸ ልብስ ደግሞ አንዴ ስለተለበሰ ብቻ አይታጠብ፤ ንፋስ ይበቃዋል።

የመጨረሻው፣ ዚፑ ስለተበላሸ ብቻ መጣል ነው። ከቆሻሻ ጋር ማቃጠሉ ደግሞ ይብሳል፤ የፖሊስተር ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው። ልብስ ሰፊ ዚፕ ይቀይራል፣ ያጠብባል፣ ያሳጥራል። አሮጌ ነጠላ እንኳ ስለሚለሰልስ ለሕፃን መጠቅለያ ይመረጣል።

ከሦስቱ ቀሚሶች አንዱን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ከጉልበት በታች አሳጠርኩት፤ እጅጌውንም አስቀነስኩ። አሁን ሥራ ለብሼው እሄዳለሁ። ሁለቱ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።