ሄደሩን ማን ያነበዋል? ለሳይበር ደህንነት ፈተና የኔትወርክ ሌየሮችንና ፕሮቶኮሎችን የማጥናት ዘዴ

የኔትወርክን ሥራ በደረጃ የሚከፍለውን የኦኤስአይ ሞዴል ሰባት ሌየሮች (ደረጃዎች) ስም በቃሉ የሚወጣ ተፈታኝ «ይህ ጥቃት የሚፈጸመው በየትኛው ሌየር ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይምታታበታል። ስሙን ያዘ እንጂ ሥራውን አልያዘማ። ስለዚህ ጥናቱን በአንድ ጥያቄ ጀምሩ፤ ይህ መሣሪያ ሥራውን ለመሥራት የትኛውን ሄደር (ከዳታው ፊት የሚለጠፍ የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ) ያነባል? መልሱ ሌየሩን ይነግራችኋል።

ሀብ ምንም አያነብም፤ የደረሰውን ምልክት በሁሉም ቀዳዳ ይደግመዋል፤ ስለዚህ ሌየር 1 ነው። ስዊች ፍሬሙ (የሌየር 2 የዳታ ጥቅል) ላይ ያለውን 48 ቢት የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ያነባል፤ ሌየር 2። ራውተር የፓኬቱን (የሌየር 3 የዳታ ጥቅል) አይፒ አድራሻ ያነባል (32 ቢት በአይፒ ስሪት 4፣ 128 ቢት በስሪት 6)፤ ሌየር 3። ግንኙነትን የሚከታተል ፋየርዎል (ትራፊክን የሚያጣራ መሣሪያ) የፖርት ቁጥሩንም (ዳታው ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ የሚለየውን) ያነባል፤ ሌየር 4። የዌብ አፕሊኬሽን ፋየርዎል ደግሞ የኤችቲቲፒ ጥያቄውን ይዘት ራሱን ስለሚመረምር ሌየር 7 ላይ ነው። 5ኛውና 6ኛው፣ ማለትም ሴሽንና ፕረዘንቴሽን፣ በተግባር ተለይተው አይታዩም። የኦኤስአይ ሞዴል በ1984 እንደ መስፈርት ወጣ፤ ኢንተርኔት የሚሠራው ግን ሦስቱን የላይኛ ሌየሮች አንድ አድርጎ በያዘው በቲሲፒ/አይፒ ነው። ፈተናው ኢንክሪፕሽንና የዳታ ቅርጽ መቀየርን ሲጠይቅ 6ኛውን በሉና እለፉ፤ ብዙ ጊዜ አታጥፉበት።

ቁጥሩን በወረቀት ሥሩት

ዳታ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እያንዳንዱ ሌየር የራሱን ሄደር ይለጥፍበታል። ይህን በእጃችሁ አስሉት። አንድ የኢተርኔት ፍሬም የሚሸከመው ጭነት ቢበዛ 1500 ባይት ነው። ከዚያ ላይ ቢያንስ 20 ባይት የአይፒ ስሪት 4 ሄደር ይወስዳል፣ ቢያንስ 20 ባይት ደግሞ የቲሲፒ (ግንኙነት መሥርቶ መድረሱን እያረጋገጠ የሚልክ ፕሮቶኮል) ሄደር። ለአፕሊኬሽኑ የሚቀረው 1460 ባይት ነው። በዩዲፒ (ያለ ማረጋገጫ የሚልክ ፕሮቶኮል) ከሆነ ሄደሩ 8 ባይት ብቻ ስለሆነ 1472 ይቀራል። በ1500ው ላይ የኢተርኔት ሄደር 14 ባይትና የመጨረሻው የስህተት መፈተሻ 4 ባይት ሲጨመሩ ፍሬሙ 1518 ይሆናል።

ይህ ስሌት የሚጠቅመው ለፈተና ብቻ አይደለም። ቪፒኤን (ፓኬትን በሌላ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ የሚያሳልፍ የተጠበቀ ግንኙነት) የራሱን ሄደር ሲጨምር ጭነቱ ከ1500 ያልፋል። ፓኬቱ «አትቆራርጡኝ» የሚል ምልክት ካለበት ራውተሩ ይጥለውና በአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ስህተት ማሳወቂያ ፕሮቶኮል) መልእክት ለላኪው ያሳውቃል። ፋየርዎሉ አይሲኤምፒን ሙሉ በሙሉ ከዘጋ ግን ማሳወቂያው አይደርስም። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ብልሽት ነው፤ ትንንሽ ፓኬቶች ያልፋሉ፣ በኤስኤስኤች (በኢንክሪፕሽን የተጠበቀ የርቀት መግቢያ) መግባት ይቻላል፣ ትልቅ ፋይል ወይም ከባድ ገጽ ሲመጣ ግን ግንኙነቱ ደርቆ ይቀራል። «ለደህንነት ሲባል አይሲኤምፒን ሁሉ ዝጋ» የሚል አማራጭ ስታዩ ተጠንቀቁ።

ሌላው ተፈታኞችን የሚጥለው ነጥብ የአድራሻው ነገር ነው። ፓኬቱ ራውተር ባለፈ ቁጥር የማክ አድራሻው ይቀየራል፤ አይፒው ግን «ናት» (ራውተር የአይፒ አድራሻን የሚቀይርበት ዘዴ) ካልነካው በስተቀር እስከ መድረሻው ያው ነው። ኤአርፒ አይፒን ወደ ማክ የሚተረጉም ስለሆነ ጥያቄው ከራውተር አያልፍም። የኤአርፒ ማጭበርበር ጥቃት የሚፈጽም ሰው እዚያው የአካባቢው ኔትወርክ ውስጥ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

አንድ ገጽ ሲከፈት በዓይን እዩት

ዋየርሻርክን (የኔትወርክ ትራፊክን ይዞ የሚያሳይ ፕሮግራም) በራሳችሁ ኮምፒውተርና በራሳችሁ ኔትወርክ ላይ ጫኑ፤ የሌላ ሰው ትራፊክ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ከብራውዘሩ በቀር ሌላውን ፕሮግራም ዝጉ። ቀጥሎ የኮምፒውተሩን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉም አገልግሎት) ካሽ አጽዱ፤ ካልጸዳ መልሱ ከማስታወሻው ስለሚመጣ ጥያቄውን አታዩትም። የግራፍ መስመሩ የሚንቀሳቀሰውን ኢንተርፌስ መርጣችሁ መያዝ ጀምሩ፣ አንድ ገጽ ክፈቱ፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ አቁሙ።

በማጣሪያው ሳጥን የፕሮቶኮሉን ስም በላቲን ትንንሽ ፊደል እየጻፋችሁ በቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ ኤአርፒ፤ «ይህ አይፒ ያለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ይሠራጫል፣ መልሱ ግን ለጠያቂው ብቻ ይመጣል። ቀጥሎ በፖርት 53 የዲኤንኤስ ጥያቄና መልስ። ከዚያ ቲሲፒ፤ ሦስቱ የመጨባበጥ እርምጃዎች ሲን፣ ሲን-አክ፣ አክ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የመጀመሪያውን ሲን ስትከፍቱ የቅደም ተከተል ቁጥሩ 0 ተብሎ ይታያል። እውነተኛው ቁጥር 32 ቢት ያለው፣ በቀላሉ እንዳይገመት ሆኖ የተመረጠ ነው፤ ዋየርሻርክ ለማንበብ እንዲቀል ከ0 ጀምሮ ይቆጥርላችኋል። ሲን-አኩ የማረጋገጫ ቁጥር 1 ይዞ ይመለሳል። ምንም ዳታ ሳይላክ 1 የሆነው ሲን ራሱ አንድ ቁጥር ስለሚበላ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው የሲን ፍለድን ጥቃት ለመረዳት አይቸገርም፤ አጥቂው ሲን ይልካል፣ ሰርቨሩ ሲን-አክ መልሶ ቦታ ይዞ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው አክ ግን አይመጣም። ያልተጠናቀቁት ግንኙነቶች ተጠራቅመው ወረፋውን ይሞላሉ።

ከመጨባበጡ በኋላ የቲኤልኤስ (ግንኙነቱን በኢንክሪፕሽን የሚጠብቅ ፕሮቶኮል) የመጀመሪያ ሰላምታ ይመጣል። ገጹ ኤችቲቲፒኤስ ቢሆንም እዚያ ውስጥ የድረ ገጹ ስም በአብዛኛው በግልጽ ይነበባል። ኢንክሪፕሽን ይዘቱን እንጂ የሄዳችሁበትን ቦታ ሁልጊዜ አይደብቅም።

የምትጠብቁት ካልታየ ምክንያት አለው። በፖርት 53 ምንም ካላያችሁ ብራውዘሩ ዲኤንኤስን በኤችቲቲፒኤስ ውስጥ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ ከቅንብሩ አጥፉትና ድገሙ። ሲን ጠፍቶ በ443 ላይ ዩዲፒ ብቻ ከታየ ግንኙነቱ በክዊክ (በዩዲፒ ላይ የሚሠራ ፕሮቶኮል) ነው፤ ኤችቲቲፒ 3 ቲሲፒን አይጠቀምም። ከ1514 ባይት የሚበልጥ ፍሬም (ከ1518ቱ 4ቱን የስህተት መፈተሻ ባይቶች ዋየርሻርክ በአብዛኛው አያያቸውም) ወይም ከራሳችሁ ማሽን የወጣ «የተሳሳተ ቼክሰም» (የስህተት መፈተሻ ቁጥር) ብታዩ አትደንግጡ፤ የመቆራረጡንና የስሌቱን ሥራ የኔትወርክ ካርዱ በኋላ ስለሚሠራው ዋየርሻርክ ያየው ያላለቀውን ነው።

ፖርቶችን ጥንድ ጥንድ አድርጉ

ከ0 እስከ 1023 ያሉት የታወቁ ፖርቶች ናቸው፣ እስከ 49151 የተመዘገቡ፣ ከዚያ እስከ 65535 ጊዜያዊ። ነጠላ ዝርዝር ከመሸምደድ ያልተጠበቀውን ከተጠበቀው ጋር አጣምሩ፤ ቴልኔት 23 ከኤስኤስኤች 22፣ ኤችቲቲፒ 80 ከኤችቲቲፒኤስ 443፣ ኤልዳፕ (የተጠቃሚዎች ማውጫ) 389 ከ636፣ አይማፕ (ኢሜይል) 143 ከ993፣ ፖፕ3 (ኢሜይል) 110 ከ995። ፈተናው ብዙ ጊዜ «የቱ ይተካ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ጥንዱ ራሱ መልስ ነው። ፋይል ማስተላለፊያዎቹ ኤስኤፍቲፒና ኤፍቲፒኤስ ግን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው በኤስኤስኤች ውስጥ በ22 ያልፋል፣ ሁለተኛው ኤፍቲፒ ላይ ቲኤልኤስ የተጨመረበት ሲሆን ግንኙነቱ ከመጀመሪያው በቲኤልኤስ ከተጀመረ 990ን ይጠቀማል። ዲኤንኤስም ዩዲፒ ብቻ አይደለም፤ ለዞን ዝውውር (የስም መዝገቡን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር መቅዳት) እና ለትልልቅ መልሶች ቲሲፒ 53 ይከፈታል። አይሲኤምፒ ግን ፖርት የለውም፤ የሌየር 3 ፕሮቶኮል ስለሆነ የፖርት ቁጥር የሚሰጠው ምርጫ ሁሉ ስህተት ነው።

ምልክቱን ወደ ሌየሩ መልሱ

የሁኔታ ጥያቄ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ ውጡ። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አይፒ ካለው የዲኤችሲፒ (ለማሽኖች አይፒ የሚያድል) ሰርቨር አልመለሰለትም። በአይፒ ፒንግ (ማሽኑ መልስ መስጠቱን መፈተሻ) እየሠራ በስም ካልሠራ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው። ስዊቹ ለአንድ ማሽን የተላከውን ፍሬም ለሁሉም መበተን ከጀመረ የማክ ሠንጠረዡ በሐሰተኛ አድራሻዎች ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ መከላከያው በእያንዳንዱ የስዊች ቀዳዳ ላይ የሚፈቀዱትን ማኮች ቁጥር መገደብ ነው።

የፖርት ስካንን (ክፍት ፖርቶችን መፈለግን) በሚመለከት ሁለቱን ምላሾች ለዩ። ሲን ልካችሁ ሪሴት (ግንኙነቱን የማይቀበል የቲሲፒ ምላሽ) ከተመለሰ በአብዛኛው ማሽኑ አለ፣ ፖርቱ ግን ዝግ ነው። ደግማችሁ ብትልኩም ምንም ካልተመለሰ፣ ማሽኑ እንዳለ በሌላ መንገድ ካረጋገጣችሁ፣ መሐል ላይ ፋየርዎል ፓኬቱን እየጣለው ነው። በምርጫዎቹ ውስጥ «ዝግ» እና «የተጣራ» ጎን ለጎን ሲቀመጡ መለያው የሪሴቱ መምጣትና አለመምጣት ነው።