«ለካሁ» የሚል ደንበኛ፦ መኪና አምራቾች ከኤሌክትሪክ መኪና ወዳጆች ጋር ሲነጋገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤንዚን መኪና የያዘ ሰው ታንከሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ላያውቅ ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዘው ግን ጠዋት ስንት ፐርሰንት ይዞ እንደወጣ፣ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ስንት እንደበላበት፣ ሲወርድ ስንት እንደመለሰለት ቁጭ አድርጎ ይነግርዎታል። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ መሰሎቹን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኛል። እዚህም አስመጪዎችና ገጣጣሚዎች ወደ ቴሌግራም ግሩፖቹ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ከመግባትዎ በፊት ሌሎች ዋጋ የከፈሉባቸውን ስህተቶች ቢያዩ አይጎዳዎትም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለካሁ ላለ ሰው በአማካይ መመለስ

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይሄኛው ነው። ምሳሌው ኒሳን ሊፍ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የመጀመሪያዎቹ ሊፎች ዳሽቦርድ ላይ የባትሪውን አቅም የሚያሳዩ 12 ትንንሽ መስመሮች አሉ። የመጀመሪያዋ መስመር የምትጠፋው ባትሪው 15 በመቶ ያህል ሲደክም ነው። በ2012 በአሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ አካባቢ የሚኖሩ ባለቤቶች መኪናቸው ገና አዲስ ሳለ መስመሮች ይጠፉባቸው ጀመር። በዚያ አገር የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የሊፍ ባትሪ ደግሞ የራሱ ማቀዝቀዣ የለውም።

ኒሳን ጥቂት መኪኖችን ተቀብሎ በአሪዞናው መሞከሪያ ጣቢያው መረመረ። መልሱ «መኪኖቹ በተሠሩበት ልክ እየሠሩ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከአማካዩ በላይ ስለነዱ ነው» የሚል ሆነ። በፊኒክስ አማካይ መኪና ከ5 ዓመት በኋላ 76 በመቶ አቅሙ እንደሚቀረውም ተናገሩ። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ለማን እንደተነገረ ነው። ባለቤቶቹ ከመኪናው ኮምፒውተር በቀጥታ የሚያነብ መሣሪያ በእጃቸው ሠርተው፣ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኃይል የሚለኩበት «ጊድ» የሚል የራሳቸውን መለኪያ አውጥተው ነበር፤ አዲስ ባትሪ ሲሞላ 281 ጊድ ያሳያል። በመስከረም ወር ደግሞ አንድ ደርዘን ያህል ሊፍ ሰብስበው፣ ሁሉንም ሞልተው፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዱ ባትሪው ባዶ እስኪሆን ሄዱና የእያንዳንዱን ውጤት በሰንጠረዥ ለሕዝብ አወጡት። ሰንጠረዥ ይዞ ለመጣ ሰው «አማካዩ ደህና ነው» ማለት፣ ልጁ ታሞበት የመጣን አባት በከተማው ጤና ዘገባ እንደመመለስ ነው።

ኒሳን የተመለሰው ቆይቶ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ስትሟገት የኖረችውንና ቀደም ሲል ኢቪ1 በተባለው የጄኔራል ሞተርስ ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሠራችውን ቼልሲ ሴክስተንን ገለልተኛ አማካሪ ቡድን እንድታቋቁም ጠየቀ። ታኅሣሥ 2012 ማብቂያ ላይ አቅሙ ከ9 መስመር በታች የወረደ ባትሪ በ5 ዓመት ወይም በ60,000 ማይል (97,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) ውስጥ እንደሚጠገን ወይም እንደሚቀየር አስታወቀ፤ ቀድሞ የተሸጡትም ተካተቱ። እንዲህ ያለው ዋስትና ከመጀመሪያው ቢታሰብበት ኖሮ ያን ሁሉ ወራት መከራከር ባላስፈለገ።

ስለዚህ አንድ ሰው «ባትሪዬ ደከመ» ብሎ ከጻፈ፣ ከማስተባበልዎ በፊት ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ፣ መኪናው የት እንደሚያድር፣ በሳምንት ስንቴ በፈጣን ቻርጀር እንደሚሞላ ይጠይቁት። የንባቡንም ፎቶ ይላክልዎት። መሐንዲሶችዎ በገንዘብ የማያገኙት መረጃ ነው።

ሳይነግሩ መነካካት

ቴስላ በግንቦት 2019 የተወሰኑ ሞዴል ኤስና ኤክስ መኪኖችን የቻርጅ አሠራር በሶፍትዌር ለወጠ። ሻንጋይና ሆንግ ኮንግ ላይ መኪኖች ተቃጥለው ስለነበር ለጥንቃቄ ነው ብሏል። አንዳንዱ ባለቤት ግን ማታ ሰክቶት የተኛው መኪና ጠዋት የሚሄድበት ርቀት አጥሮ አገኘው። ሰዎቹ ቁጥራቸውን አስተያይተው ነገሩ ከሶፍትዌሩ መሆኑን ደረሱበትና ክስ ተመሠረተ። በ2021 ኩባንያው ለ1,743 መኪኖች ባለቤቶች ለእያንዳንዳቸው 625 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። «ለደኅንነት ሲባል ይህን ያህል ርቀት እንቀንሳለን» የሚል አንድ አንቀጽ አስቀድሞ ቢላክ የሚቆጣ ባይጠፋም፣ ተሰረቅሁ የሚል ግን አይኖርም ነበር።

«ተጠግኗል» ለማለት መቸኮል

የኤሌክትሪክ መኪናው የሼቭሮሌ ቦልት ታሪክ ይታወቃል። በኅዳር 2020 በእሳት አደጋ ምክንያት የተወሰኑት ለጥገና ተጠሩ፤ ባለቤቶቹም ከ90 በመቶ በላይ እንዳይሞሉ ተነገራቸው። በሚቀጥለው ዓመት መፍትሔ ነው የተባለው ሶፍትዌር መጣ። ከዚያ በሐምሌ 2021 ያን ጥገና ያገኙ መኪኖችም ተቃጠሉ። ነሐሴ ላይ የተሠሩት ቦልቶች በሙሉ፣ 140,000 ገደማ መኪኖች ተጠሩ። ያለፉትን ወራት «መኪናዬ ተጠግኗል» እያለ ጎረቤቱን ሲያረጋጋ የከረመ ሰው ለቀጣዩ ማስታወቂያ ምን ጆሮ ይኖረዋል? ምክንያቱ ካልተገኘ «ምክንያቱን አላገኘነውም፤ እስከዚያው ውጭ አቁሙት» ማለት ያዋጣል።

ወዳጅን ጠበቃ ማድረግ

የቻይናው መኪና አምራች ኒዮ ደንበኞቹን በማሰባሰብ የሚስተካከለው የለም፤ የራሱ መተግበሪያ አለው፣ ባለቤቶቹ ቡና የሚጠጡበት ቤትም በየከተማው ከፍቷል። በነሐሴ 2021 የአሽከርካሪ አጋዥ ሥርዓቱን ከፍቶ ይነዳ የነበረ ባለቤት በአደጋ ሞተ። ወዲያው 500 ያህል ባለቤቶች «እኛን ማንም አላሳሳተንም፣ ሥርዓቱ አጋዥ እንጂ ራሱን የሚነዳ እንዳልሆነ እናውቃለን» የሚል የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ሌሎች ባለቤቶች ደግሞ «በእኛ ስም ማን ተናገሩ አላችሁ?» ብለው ተነሱባቸው። ኒዮ መግለጫውን እንዳላዘጋጀ ገልጿል። ቢሆንም ሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ በኩባንያው ፋንታ ደንበኛ ሲመልስለት ነገሩ ያስቀይማል። በእንዲህ ያለ ቀን ቀድሞ መናገር ያለበት ኩባንያው ራሱ ነው፤ ወዳጆቹንም ዝም በሉልኝ ሊላቸው ይገባል።

ግሩፑ ላይ የሚመልሰውና ጋራዥ ያለው አለመተዋወቅ

ግሩፑ ላይ «ይምጡ፣ በነፃ እናያለን» ይባላል፤ ጋራዥ ሲደርሱ ስለጉዳዩ የሰማ የለም። ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ከመጻፍዎ በፊት ለጋራዡ ይደውሉ።

«እኛ ያላስመጣነውን አናውቅም»

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ መንገዱን ከሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በግል አስመጪ የገቡ ናቸው። ስክሪናቸው ቻይንኛ ይጽፋል፤ መተግበሪያው የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ወኪሎችም «የእኛ ደንበኛ አይደለህም» ብለው ይመልሷቸዋል። በውል ከሆነ እውነት አላቸው፤ መኪናው ላይ ያለው አርማ ግን ያው የእነሱው ነው።

እኔ ባለሁበት ግሩፕ አንድ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሜትር ታክሲ የሚሠራ አባል የዳሽቦርዱን ፎቶ ላከ፤ ቢጫ መብራት፣ ከሥሩ አንድ መስመር ቻይንኛ። «ወንድሞቼ፣ ነገ ሥራ ልውጣ ወይስ ልቁም?» ይላል። ወኪሉ ጋ ቀን ደውሎ ያንኑ መልስ አግኝቷል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ በስልኩ አስተርጉሞ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ መድከሟን ነገረው፤ ሌላው የባትሪ ክሊፑን እንዲያጠብቅ ቦታውን በቀይ አክብቦ ላከለት። ጠዋት «ሠርቷል፣ ኑሩልኝ» ብሎ ጻፈ። የዚያው መኪና ወኪል ሠራተኛም ግሩፑ ውስጥ አለ። መኖሩን የምናውቀው በየበዓሉ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ፖስተር ስለሚለጥፍ ነው።