የጀርመንኛ ፊደላት ሲበላሹ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ጀርመንኛ ወደ ኅትመት ሥራ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በሚመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ዋቢ ዝርዝር ወይም ለፋሲል ግቢ ጎብኚዎች በሚዘጋጅ ብሮሹር ነው። አናታቸው ላይ ነጥቦች ያሉባቸው ኤ፣ ኦ እና ዩ (ä፣ ö፣ ü)፣ እንዲሁም ኤስሴት (ß) የሚባለው ፊደል ሲበላሹ ሁሉም ሶፍትዌሩን ያማርራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሶፍትዌሩ አይደለም።

በድሮ የግዕዝ ፎንት ላይ መለጠፍ። ይህ የእኛው ችግር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። እዚያ ላይ የተለጠፈ የጀርመን ከተማ ስም እንዳለ ትርጉም የለሽ አማርኛ ሆኖ ይወጣል። ፎንቱን ብቻ ቢቀይሩት ደግሞ ጀርመንኛው ይድንና አማርኛው ይጠፋል። አማርኛውን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ምልክቱን ሳያዩ መጠገን። ባዶ ሳጥን ከታየ ፎንቱ ያ ፊደል የለውም፤ ሌላ ፎንት ይምረጡ። በአንድ ፊደል ቦታ ሁለት እንግዳ ፊደላት ከመጡ ግን ፎንት መቀያየር ድካም ነው። ዩቲኤፍ 8 የሚባለው የዩኒኮድ ማስቀመጫ ዘዴ ባለነጥቡን ዩ በ2 ባይት ያስቀምጠዋል፤ የድሮው የዊንዶውስ ኢንኮዲንግ (የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ) ደግሞ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ያነበዋል። የገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይን ላይ ጽሑፉን ሲያስገቡ የማስገቢያ አማራጮቹን ከፍተው ዩቲኤፍ 8 ይምረጡ። የጥያቄ ምልክት ከሆነ የቀረው፣ ፊደሉ ከነአካቴው ጠፍቷልና ደንበኛውን ዋናውን ፋይል ይጠይቁ።

በኤስሴት ፈንታ የግሪኩን ቤታ መጻፍ። ወረቀት ላይ ዓይን ይሸወዳል፤ ፒዲኤፍ ላይ ቃሉን ሲፈልጉት ግን አይገኝም። ዊንዶውስ ላይ አልትን ተጭነው በቁጥር ሰሌዳው 0223 ይጻፉ። ለትንሾቹ ባለነጥብ ኤ፣ ኦ እና ዩ በቅደም ተከተል 0228፣ 0246 እና 0252 ነው።

ሁሉንም ባንዴ መተካት። ባለነጥብ ኦ ሲታጣ በምትኩ የሚጻፉት ኦ እና ኢ (oe) ተከታትለው በመጡበት ሁሉ ባለነጥብ ኦ ያስገባ ሰው የገጣሚውን የጎተን ስም ያበላሻል፤ ስሙ የሚጻፈው በሁለቱ ፊደላት ነው። በተቃራኒው ባለነጥቡን ኤ በኤ እና በኢ (ae) መተካትም ጣጣ አለው። በኢትዮጵያ ጥናት የላቲን አጻጻፍ «ጎንደር» ውስጥ ያለችው «ደ» የምትጻፈው በዚሁ በባለነጥቡ ኤ ነው፤ የታሪክ ተማሪ ዋቢ ዝርዝር ላይ የከተማችን ስም አብሮ ይበላሻል። አንድ በአንድ እያዩ ይተኩ።

ላቴክ ላይ የተወረሰ ቅንብር። ላቴክ ጽሑፍን በትእዛዝ የሚያቀናብር ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ዩቲኤፍ 8 ያነባል። ከቀደሙ ተማሪዎች በመጣው ፋይል ላቲን 1 የሚል የድሮ ኢንኮዲንግ መስመር ካለ ያጥፉት። አማርኛ ከተቀላቀለበት ዚላቴክ ወይም ሉአላቴክ በሚባሉት የላቴክ ዝርያዎች መሥራት ይሻላል።

በትልልቅ ፊደል የሚጻፍ ርዕስ ላይ ኤስሴት ሁለት ኤስ ሲሆን አይደንግጡ፤ ትክክል ነው። ትልቁ ኤስሴት በጀርመን አጻጻፍ ሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለሆነ ብዙ የቆዩ ፎንቶች የላቸውም።