የፍሬን ፍሳሽና የፔዳል መላላት፦ ሲፈተሹ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የፍሬን ፔዳል ከወትሮው ሲለይ ብዙ አሽከርካሪ የሚያደርገው ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይት መጨመር ነው። ከሁሉም ስህተት የከፋው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የፍሬን ዘይት በዝግ ሥርዓት ውስጥ ያለ ፈሳሽ በመሆኑ እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ አይጎድልም፤ ስለዚህ የጎደለው ወይ ሸራው (ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬን ክፍል) ተበልቶ ነው፣ ወይ ከአንድ ቦታ ፈስሶ ነው። ሸራ ሲሳሳ የካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል፣ ፒስተን ወደ ውጭ ስለሚወጣና ከኋላው የሚተወውን ቦታ ዘይቱ ስለሚሞላው፣ በማጠራቀሚያው ያለው መጠን በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ዘይት የጨመረ ሰው አዲስ ሸራ ሲያስገጥም ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ትርፉ ይፈስሳል፤ ያረፈበትንም ቀለም ይበላል። በቀናት ውስጥ የሚጎድል ከሆነ ግን ፍሳሽ አለ፤ እስኪገኝም ድረስ መኪናው መነዳት የለበትም።

ሁለተኛው ስህተት ፍሳሹን ከመኪናው ሥር፣ መሬት ላይ ብቻ መፈለግ ነው። መሬቱ ደረቅ መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ዋና የፍሳሽ ቦታዎች ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። አንደኛው የኋላው ታምቡር፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሸራው ከውስጥ የሚፋተግበት ክብ ክዳን፣ ውስጥ ነው። ታምቡሩ ከወጣ በኋላ ሸራዎቹን በሚገፋው ትንሽ ሲሊንደር በሁለቱም ጫፍ ያለውን የአቧራ መከላከያ ጎሚኒ በቀጭን ካቻቢቴ ጠርዙን ቀስ አድርጎ ማንሳት ያስፈልጋል። ውስጡ ደረቅ ወይም በትንሹ የወዛ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠብታ ከወረደ ግን የውስጡ ጎሚኒ አብቅቶለታል። ፍሳሹ ገና ወደ ሸራው ስላልደረሰ ይህን ጠብታ ብዙዎች ሳያዩት ታምቡሩን መልሰው ይዘጋሉ። ዘይት የነካው ሸራ በቤንዚን ታጥቦ መመለስ የለበትም፤ የጠጣው ዘይት በሙቀት እየወጣ ፍሬኑን ወደ አንድ ወገን እንዲጎትት ያደርገዋልና የሁለቱም ወገን ሸራ አብሮ ይለወጥ። ሌላው ስውር ቦታ ማስተር ሲሊንደር የሚባለው ዋናው ፓምፕ ከሰርቮው (የእግርን ጉልበት ከሚያግዘው ክፍል) ጋር የሚገናኝበት ነው፤ የኋላ ጎሚኒው ሲያልፍ ዘይቱ ወደ ሰርቮው ሆድ ስለሚገባ ውጭ ምንም አይታይም። ፓምፑን ሁለት ዳዶዎች ፈትቶ ትንሽ ወደ ፊት መሳብ እውነቱን ያሳያል።

ሦስተኛው፣ ፔዳሉ የሚናገረውን ሳያዳምጡ ዕቃ መለወጥ ነው። ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ፔዳል በመስመሩ ውስጥ አየር እንዳለ ይናገራል። በመጀመሪያው ርግጫ ወደ ታች ወርዶ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ፣ አየር ባይኖር እንኳ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ እጅግ ርቋል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ማስተካከል እንጂ አዲስ ፓምፕ አይደለም። እግር ሳይነሳ፣ ኃይልም ሳይጨመር ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፔዳል፣ በውጭ ፍሳሽ ከሌለ፣ ብዙውን ጊዜ በፓምፑ ውስጥ ጎሚኒው ዘይት እያሳለፈ መሆኑን ያሳያል። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ፔዳል ግን የሚመራው ወደ ሰርቮው ነው። ሞተሩን አጥፍተው አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ፤ እግርዎን እንደጫኑ ሞተሩን ያስነሱ፤ ፔዳሉ በትንሹ ዝቅ ካላለ ከሞተሩ የሚመጣው የመሳብ ኃይል ወደ ሰርቮው አልደረሰም። ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት በመሆኑ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ እርዳታው በቆላ ካለው ያነሰ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ስለዚህ በቀጭን ስንጥቅ አየር የሚያስገባ የሰርቮ ቱቦ እዚህ ፈጥኖ ይታወቃል።

አየር ማስወጣትን በሚመለከት ስህተቱ ብዙ ነው። ረዳቱ ፔዳሉን የሚለቀው የአየር ማስወጫው ቡሎን ከተዘጋ በኋላ መሆን አለበት፤ ቀድሞ ከለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ማጠራቀሚያው በመሃል ከደረቀም ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ባረጀ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ፣ ጎሚኒው ለዓመታት ነክቶት በማያውቀው ዝገት ላይ እንዲሄድና እንዲቀደድ ያደርጋል፤ ከፔዳሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል። አንድ ጊዜ አየሩ ሦስት ጊዜ ወጥቶለት ፔዳሉ አሁንም የሚለሰልስ መኪና ገጥሞኝ ነበር። የፊት ካሊፐሮቹ ሲለወጡ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተገጥመው ማስወጫዎቹ ወደ ታች ዞረዋል። አየር ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወጣም። ቦታቸውን ካቀያየርን በኋላ ፔዳሉ በአንድ ዙር ተስተካከለ።

ቀጣዩ ስህተት የሚመጣው ከስያሜው ነው። «የፍሬን ዘይት» እያልን ስለምንጠራው ብቻ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምርበት ሰው አለ። ይህ ፈሳሽ በእውነቱ ዘይት አይደለም፤ ጠብታው ውኃ ውስጥ ሲገባ ይቀላቀላል፣ እውነተኛው ዘይት ግን ይንሳፈፋል። የማዕድን ዘይት የገባበት ጎሚኒ ሁሉ ያብጣል፤ የማጠራቀሚያው ክዳን ጎሚኒ አብጦና ተጨማድዶ ከታየ ከፓምፑ እስከ ካሊፐሩ ድረስ ያለው ጎሚኒ ሁሉ መለወጥ ይኖርበታል። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ፈሳሽ ዓይነቶች እርጥበት ከአየር ይስባሉ፤ ስለዚህ ለወራት ክፍት የቆየ ቆርቆሮ አይጠቅምም። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲገባው፣ ውኃ ሲጠጣ ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ሳያቋርጥ ከረገጠ፣ ያረጀው ፈሳሽ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉም ባዶ ይወርዳል። እንዲህ ያለው መኪና ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ሊመለስ ስለሚችል፣ ጋራዥ ሲደርስ «ምንም የለውም» ተብሎ ይለቀቃል። በየሁለት ዓመቱ ፈሳሹን መለወጥና ቁልቁለቱን በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ግን ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።

በመጨረሻ፣ ሥራው እንዳለቀ መኪናውን ወዲያው ወደ መንገድ ማውጣት አይገባም። አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ ፒስተኖቹ ቦታቸውን እስኪይዙ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ስለሚወርዱ፣ ማርሽ ከመግባቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ይረገጥ። ከዚያም አንድ ሰው ሞተሩ እየሠራ ለአንድ ደቂቃ አጥብቆ እንደረገጠ፣ ሌላው የተፈታውን እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ይጥረግ፤ ጨርቁ ከረጠበ መኪናው ከቦታው አይንቀሳቀስም።